ማሰሪያ የሌለው ጫማ በቀይ አፈር ምድር

የቡናው ለቀማ አብቅቶ ምርቱ ከገበሬው ደጅ ወደ ነጋዴው መጋዘን በሚገባበት፥ ገንዘብም ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት በጥር ወር፥ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፥ ከነጆ እስከ ደምቢ ዶሎ ባሉት የወለጋ ከተሞች የሠርግ ድንኳን በየሰፈሩ ይተከላል። በእነዚህ ሠርጎች ላይ ዓይኑን ከሙሽራው ፊት ዝቅ አድርጎ የሙሽራውንና የሚዜዎቹን እግር የሚመለከት ሰው፥ ከአባቶቻችን ሙሉ ልብስ የማይለየው ባለ ክር ጥቁር ጫማ፥ ማሰሪያ ለሌለው፥ አፉ ዝቅ ላለውና ጎንበስ ሳይሉ ለሚጠለቀው ጫማ ስፍራውን እየለቀቀ መሆኑን ያስተውላል። በዕድሜ ከፍ ያሉት ሰዎች ሞካሲን፥ ወጣቶቹ ደግሞ ሎፈር የሚሉት ይህ ጫማ ዛሬ በመምህሩም፥ በባንክ ሠራተኛውም፥ በቡና ነጋዴውም እግር ላይ ይታያል። ነገር ግን ጫማውን መግዛት አንድ ነገር ሲሆን፥ ከሱሪውና ከካልሲው፥ ከወራቱና ከሚረገጠው ምድር ጋር አስማምቶ መጫማት ሌላ ነገር ነው። ሎፈር ለምቾት ተብሎ የተፈጠረ ቢሆንም ከጫማዎች ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄን የሚሻ መሆኑን፥ በወለጋ ምድርም የአለባበሱን ሥርዓት ከባሕር ማዶ መጽሔቶች ይልቅ አፈሩ፥ ዝናሙና የቤተ እግዚአብሔር ደጃፍ እንደሚደነግጉት ለአንባቢ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የጫማው ትውልድ ከተራራና ከበረዶ አገር ነው። በኖርዌይ፥ ባሕር በተራሮች መካከል ሰርጎ በሚተኛበት በአውርላንድ፥ ኒልስ ግሪጎሪዩሶን ትቬራንገር የተባለ ጫማ ሰፊ፥ በልጅነቱ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግሮ የእጅ ጥበቡን ተምሮ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ክር የሌለው፥ በላዩ ላይ የቆዳ መቀነት ያለው ጫማ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። የአሠራሩ ሥር ግን ከዚያም ይርቃል፤ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱን ቆዳ ከእግር በታች አዙረው ወደ ላይ በማጠፍ የሚሰፉትን ሞካሲን ከጥንት ጀምሮ ይጫሙ ነበርና። በአሜሪካ አገር በሜይን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1876 የተቋቋመው የባስ ጫማ ቤት የኖርዌዩን አምሳል ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1936 «ዊጁንስ» የሚል ስም ሰጥቶ መሸጥ ሲጀምር፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት፤ በመቀነቱ መካከል ባለችው ትንሽ ክፍተትም የአንድ ሳንቲም ገንዘብ ይሰኩ ስለ ነበር «ፔኒ ሎፈር» የሚለው መጠሪያ ከዚያ ወዲህ ጸንቶ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ የጣልያኑ የጉቺ ቤት በመቀነቱ ፈንታ የፈረስ ልጓም ብረት የሚመስል ጌጥ አደረገበት። በሆሊውድ ይሠራ የነበረው ትውልደ ሃንጋሪው ተዋናይ ፖል ሉካስ ጫፉ ላይ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ጫማ እንዲሠራለት ጠይቆ፥ ኦልደን የተባለው የአሜሪካ ጫማ ቤት ባለ ዘርፉን ዓይነት ማውጣቱም ይታወቃል። ባለ ልጓሙ ሎፈር ለወለጋ ሰው ባዕድ ሆኖ ሊታየው አይገባም እላለሁ፤ ፈረስ በኦሮሞ ባህል ያለውን ክብር፥ መኳንንቱና ጀግኖቹም በፈረሳቸው ስም «አባ እገሌ» ተብለው ሲጠሩ መኖራቸውን ለሚያውቅ ሰው፥ በጫማ ላይ የተቀመጠ የልጓም ምስል ከጉቺ ከተማ ከፍሎሬንስ ይልቅ ለለቃ ኦሮሞ ፈረሰኞች የተሠራ ሊመስለው ይችላል።

ወደ እኛ አገር በየትኛው መንገድ እንደ ገባ ሲታሰብ፥ አንደኛው በር የጣልያን የጫማ ጥበብ ነው፤ ሞካሲን የሚለው ስያሜ ከካልሲና ከሊስትሮ ጋር በዚያው ቋንቋ በኩል መጥቶ በከተሞቻችን ለምዷልና። ሁለተኛው በር ትምህርት ቤት ሳይሆን አይቀርም። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ገብተው ወደ ክፍላተ ሀገር ከተሞች ሲሠማሩ፥ ሎፈር በአገራቸው የተማሪ ሁሉ ጫማ የነበረበት ዘመን ነበር። በኋላም ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1983 በቴሌቪዥን መድረክ ላይ ጥቁር ሎፈር በነጭ ካልሲ ተጫምቶ ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን ጭፈራ ባሳየ ጊዜ፥ ምስሉ በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቶ የብዙ ወጣት ምኞት ሆኗል።

ስለ አለባበሱ ከመናገር አስቀድሞ ግን ይህ ጫማ ከአገራችን ጠባይ ጋር የሚስማማበትን ዋነኛ ምክንያት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እርሱም የደጃፍ ነገር ነው። ሙሴ በደብረ ኮሬብ፥ በእሳት ተያይዞ በማይቃጠለው ቁጥቋጦ ፊት፥ የቆመበት ስፍራ የተቀደሰ መሆኑ ተነግሮት ጫማውን እንዲያወልቅ እንደ ታዘዘ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ተጽፏል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም ይህን ሥርዓት ጠብቀው እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ቤተ መቅደስ የሚገቡት ጫማቸውን ከደጅ ትተው ነው። ሙስሊሙም ወንድማችን በቀን 5 ጊዜ ለሚሰግደው ሶላት እግሩን ታጥቦ ወደ መስጊድ ሲገባ እንዲሁ ያደርጋል። በነቀምቴም ሆነ በደምቢ ዶሎ፥ ከወንጌላውያኑ አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ደወሉና አዛኑ በአንድ ሰማይ ሥር በሚሰሙባቸው ከተሞች ሁሉ፥ ሰው በሳምንት ውስጥ ጫማውን አውልቆ መልሶ የሚያጠልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በኖርዌይ ለገበሬና ለዓሣ አጥማጅ፥ በአሜሪካ ለተማሪ የተሰጠው ይህ ጫማ፥ በኪዳን ሰዓት ሕዝብ በሚጋፋበት አጸደ ቤተ ክርስቲያን ክር ለመፍታት ጎንበስ ብሎ የሰውን መንገድ መዝጋት ለማይወድ ኢትዮጵያዊ እጅግ የተመቸ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ከደጃፉ የሚመጣ ግዴታም አለ። ጫማው በወለቀ ጊዜ የሚታየው ካልሲ ነውና፥ በጣቱ በኩል የተቀደደ ወይም ተረከዙ የሳሳ ካልሲ ያደረገ ሰው፥ ከላይ የለበሰው ሙሉ ልብስ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም በአክባሪ ዘመዱ ቤት ምንጣፍ ላይ ውበቱ ይጎድልበታል። ስለዚህ ሎፈር የሚያዘወትር ሰው ከጫማው ዋጋ ላይ ጥቂት ቀንሶ ለደኅና የጥጥ ካልሲ ቢያውል የተሻለ ነው። ሌላም ነገር እዚሁ ላይ ልጨምር፤ ለመፍጠን ብለው የጫማውን ተረከዝ ረግጠው እንደ ሸበጥ የሚጎትቱ ሰዎች በየመንገዱ ይታያሉ። የሎፈር ኃይሉ በሙሉ ያለው እግርን ከኋላ ደግፎ በሚይዘው በተረከዙ ግድግዳ ውስጥ ነውና፥ ያ ግድግዳ አንድ ጊዜ ከተሰበረ ጫማው ቅርጹን መልሶ አያገኝም፤ አንዲት ማጥለቂያ በኪስ ወይም በበር አጠገብ ማኖር ይህን ጉዳት ታስቀራለች።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ነቀምቴ፥ እንደ ብዙው የወለጋ ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ በቀይ የሸክላ አፈር ላይ የተመሠረተች ናት። ይህ አፈር ቡናውንና በቆሎውን የሚመግብ በረከት ቢሆንም፥ በበጋ እንደ ዱቄት ደቅቆ ይበናል፥ በክረምት ደግሞ ከእግር ጋር ተጣብቆ አይለቅም። ለባዶ እግር የያዘው አደጋም አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባካሄደው ምርምር፥ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንደኛው ከትንኝ ሳይሆን ከአፈሩ እንደሚመጣ፥ ይኸውም ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው የቀይ አፈር ረቂቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሰውነትን የፍሳሽ መተላለፊያ እንደሚጎዳ አስረድቷል። በምዕራብ ወለጋ በጉሊሶ ወረዳ ተካሂዶ በ2003 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም በገጠሩ ሕዝብ መካከል ከ100 ሰው ወደ 3 የሚጠጋው በዚህ ሕመም መያዙን አሳይቷል። ይህን በፋሽን ጽሑፍ ውስጥ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ምድር ጫማ ከጌጥነቱ በፊት ጤና ነው፤ የደኅንነቱም መንገድ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማዘውተርና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። አፉ ዝቅ ብሎ ቁርጭምጭሚትን ገልጦ የሚተወው ሎፈር ለእርሻ፥ ለቡና ለቀማና ለረጅም የገጠር መንገድ ጫማ ሊሆን አይችልም፤ እንዲሆንም ሊጠየቅ አይገባም። ስፍራው የከተማው ጥርጊያ፥ ቢሮው፥ የትምህርት አዳራሹና የግብዣው ቤት ነው።

ክረምቱን በሚመለከት ፍርዴ ግልጽ ነው። በወለጋ ዝናሙ ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ሳይታክት ይወርዳል፤ በእነዚህ ወራት የቆዳ ሶል ያለውን ሎፈር ተጫምቶ መውጣት ጫማውን ማባከን ነው፤ ቆዳው ውኃ ይመጥጣል፥ በረጠበው ሸክላም ላይ ያንሸራትታል። ብዙ አስተዋይ ሰዎች እንደሚያደርጉት ቦቲ አጥልቆ፥ ሎፈሩን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ፥ ከሥራ ቦታ ደርሶ መቀየር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ንብረቱን የሚያከብር ሰው ምልክት ነው። ጫማ የሚገዛው ለዓመት ሙሉ ከሆነ የጎማ ሶል ያለውን መምረጥ ይገባል፤ ከሥሩ በትናንሽ የጎማ እንክብሎች የተሠራው፥ መጀመሪያ ለመኪና ነጂዎች የታሰበው ለስላሳ ሎፈር ግን ለጠጠር መንገዳችን የሚበረክት ስላልሆነ፥ ለመኪና ፔዳል ይቅር። ካሞሽ የሚባለው ሻካራ ገጽ ያለው ቆዳ በጥቅምትና በየካቲት መካከል ባሉት የፀሐይ ወራት እጅግ ያምራል፤ በጭቃ ከተነከረ በኋላ ግን ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልሰው የለምና፥ በሰኔ ደርቆና ተጠርጎ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ።

የቀለሙም ምርጫ ከዚሁ ምድር የሚነሣ ነው። በሌላ አገር የሚኖሩ አንዳንድ የአለባበስ ሊቃውንት የመጀመሪያው ሎፈር ጥቁር ይሁን ሲሉ ይመክራሉ፤ እኔ ግን ለነቀምቴ፥ ለጊምቢና ለሻምቡ ሰው ይህን ምክር አልሰጥም። በጥቁር ጫማ ላይ የሚያርፈው ቀይ አቧራ ከሩቅ ያስታውቃል፥ ሰውየውም ከቤቱ በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልተጠረገ ይመስላል፤ የተቆላ ቡና ቀለም ያለው ወይም ወደ ቀይ የሚያደላው ቡናማ ሎፈር ግን አቧራውን ከራሱ ቀለም ጋር አዋሕዶ ይሸሽገዋል፤ ከግራጫውም፥ ከሰማያዊውም፥ ከጂንሱም ሱሪ ጋር ይስማማል። ጥቁሩ ሁለተኛ ሆኖ ይምጣ፤ እርሱም ለሠርግ፥ ለምርቃትና ለለቅሶ ነው። ስለ ለቅሶ አንድ ቃል ልናገር፤ ወደ ኀዘንተኛ ቤት ሲኬድ የሚያብረቀርቅ ብረትና የሚወዛወዝ ዘርፍ ያለው ጫማ አይገባም፤ ጌጥ የሌለው ጥቁር ሎፈር በጥቁር ካልሲ ይበቃል።

ክር የሌለው ጫማ በኋላ የሚጠብቅበት ወይም የሚላላበት መሣሪያ ስለሌለው፥ ልኩ የሚወሰነው በሚገዛበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባለ ክር ጫማ 42 ቁጥር የሚያደርግ ሰው ያንኑ ቁጥር ጠርቶ፥ ሳይለካ ገንዘቡን ከፍሎ ሲሄድ፥ በሁለተኛው ወር ተረከዙ እየወለቀ በየእርምጃው ሲያንቋቋ ይሰማዋል። ቆዳ በመጫማት ብዛት ወደ ጎን ይሰፋል እንጂ ወደ ፊት አይረዝምምና፥ አዲስ ሎፈር ሲጠለቅ በመቀነቱ በኩል እግርን አጥብቆ መያዝ፥ ጣትን ግን አለመንካት አለበት። ልኩም የሚታየው ሁለቱንም እግር አጥልቆ በሱቁ ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ በመራመድ ነው፤ እግር በቀኑ ሙቀትና መቆም የተነሣ ወደ ማታ ጥቂት ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ መለካት ይመረጣል። ተረከዙ በመጠኑ ቢንቀሳቀስ ነውር የለበትም፤ ጫማው ሲለምድ ይቀራል። እግሩ ሰፊ የሆነ ሰው ቁጥር ከመጨመር ይልቅ ሰፋ ያለ ፎርማ የተጠቀመ ጫማ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሱሪው ጫማውን እንዲያሳየው እንጂ እንዲቀብረው መደረግ የለበትም። የሎፈር ውበት ያለው ከመቀነቱ እስከ ጣቱ ባለው የስፌት መስመር ላይ ስለሆነ፥ እታች የሰፋና በጫማው ላይ ተጣጥፎ የሚወድቅ ሱሪ ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ወደ ታች ጠበብ ብሎ ጫፉ የጫማውን አፍ ነካ አድርጎ የሚቆም ሱሪ ግን እግርን ያረዝማል፥ ሰውየውንም ቀና ያለ ያስመስለዋል። ከሠርግ በፊት ሙሉ ልብሱን ለልብስ ሰፊ የሚሰጥ ሙሽራ፥ ሊጫማው ያሰበውን ጫማ አጥልቆ እንዲለካ አደራ እላለሁ፤ የሱሪውን ርዝመት በሸበጥ ለክቶ በሎፈር ማግባት ብዙ ፎቶግራፍ አበላሽቷል። ካልሲን በሚመለከት፥ ከሙሉ ልብስ ጋር ሲሆን ቀለሙ የሱሪውን ቀለም ይከተል፥ ርዝመቱም ሰው ሲቀመጥ የባት ቆዳ እንዳይታይ ይሁን። ያለ ካልሲ መጫማት ሙቀት ባለበት በዴዴሳ ሸለቆ ወይም በዕረፍት ቀን ለወጣቱ ይፈቀድለት ይሆናል፤ ነገር ግን የእግር ላብ ገበሩን አበስብሶ ሽታ ያመጣልና፥ ከጫማው አፍ በታች ተሸሽጎ የሚቀረውን አጭር ካልሲ ከውስጥ ማድረግ የተሻለ ነው። ቀበቶው ከጫማው ቀለም ጋር መቀራረቡ፥ ባለ ልጓም ሎፈር የተጫማውም ሰው የቀበቶውን መቆለፊያ ብረት ከጫማው ብረት ጋር ማስማማቱ ለዓይን ደስ ያሰኛል።

ስለ ባህል ልብስ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ጥቁር፥ ቀይና ነጭ ጥለት ያለውን የኦሮሞ ነጭ ልብስ ለብሶ ወደ ኢሬቻ በዓል የሚወጣ ወይም ቡሉኮ ደርቦ ከሽማግሌዎች ጋር የሚቀመጥ ሰው፥ በእግሩ ላይ የሚያንጸባርቅ ጫማ ካደረገ ዓይን ከልብሱ ወደ ጫማው ይሸሻል፤ ስለዚህ ለዚህ ጊዜ ብረት የሌለው፥ ቀለሙ የደበዘዘ ቡናማ ሎፈር ከሁሉ ይበልጣል። እጀ ጠባብና ጠባብ ሱሪ ለሚለብሰውም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ለጠባቡ ሱሪ ከባለ ክሩ ጫማ ይልቅ ሎፈር ይቀርበዋል፤ ሁለቱም ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያበቁ፥ ያለ ትርፍ ነገር የተሠሩ ናቸውና። የኢሬቻ ሣር በመስከረም መጨረሻ ገና እርጥብ መሆኑን ግን አይርሱ።

ሎፈር ከቆዳ ጫማዎች ሁሉ የጫማ ሰፊውን እጅ ፈጽሞ የሚገልጥ ስለሆነ፥ ስለ ሠሪዎቹ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በእውነተኛው አሠራር የታችኛው ቆዳ እግርን እንደ አልጋ ከሥር ተቀብሎ በጎንና በጎን ይወጣል፤ በላይ የሚቀመጠው ሁለተኛ ቁራጭ ከእርሱ ጋር በእጅ ሲሰፋ የሚፈጠረው የተኮማተረ መስመር ነው ለጫማው መልኩን የሚሰጠው። ክር ወይም ምላስ ስሕተትን አይሸፍንለትም፤ ስፌቱ ከዘነበለ ዘንብሎ ይታያል። በርካሽ ጫማ ላይ ግን ይህ መስመር ለመምሰል ብቻ በመኪና የተደረገ ሲሆን ሶሉም በማጣበቂያ ብቻ ተይዟል፤ ሻጩን ሳያፍሩ መጠየቅ፥ ጫማውንም በመጠኑ አጥፎ የሶሉን ዙሪያ መመልከት ያስፈልጋል።

ይህን ጥበብ የያዘው ሰው በአገራችን ለዘመናት ፋቂ እየተባለ ሲናቅ መኖሩ ያሳዝናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በዐዋጅ ቢከለክሉም፥ ልማዱ ከሕሊና ለመውጣት ብዙ ትውልድ ፈጅቷል። በዚያው ዘመን የወለጋ ቆዳ ራሱ ከቡናውና ከሰሙ ጋር በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፥ ከዚያም በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር፤ በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ውል የተከፈተው ያ የንግድ በር ወለጋን ከውጭ ገበያ ጋር ያገናኘ ዋነኛ መስመር ነበር። ቆዳው እየወጣ ጫማው ከውጭ በሚገባበት ጊዜ፥ የአርመን ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሁለት የጫማ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በእነዚህ ውስጥ የሠለጠኑት ሠራተኞች እየወጡ የየራሳቸውን መሥሪያ ቤት ስለ ከፈቱ፥ የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች መንደር ከዚያ በቀለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቻይና ጫማ ገበያውን ባጥለቀለቀው ጊዜ ብዙዎቹ ተንገዳግደው፥ ጥራታቸውንና መልካቸውን አሻሽለው መልሰው ቆመዋል። ዛሬ በነቀምቴ ሱቆች ከሚሰቀሉት የቆዳ ሎፈሮች መካከል ከመርካቶ የመጡትን ለይቶ ማወቅና ያለ ማመንታት መምረጥ ይገባል፤ እነርሱ የአገራችን የቆዳ ሥራ ፍሬዎች ናቸው፥ በተበላሹም ጊዜ የሚያድሳቸው ሰው አይጠፋም።

የተገዛው ጫማ እንዲበረክት ዋነኛው አገልጋይ ሊስትሮው ነው፤ በነቀምቴ ጎዳናዎች ዳር ተቀምጦ የሚሠራው ይህ ወጣት ለከተማው መልክ የሚያደርገው አስተዋጽኦ ከሚከፈለው ይበልጣል። ነገር ግን በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ ስለ ተለመደ፥ ሎፈር የሚሰጠው ሰው በረጠበ ጨርቅ ብቻ እንዲያብሰው በትሕትና ይንገረው፤ ውኃ በስፌቱ ቀዳዳዎች ገብቶ ገበሩን ያበሰብሳልና። የጫማው አፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብሩሹ ካልሲን በቀለም ይበክላል፤ ሊስትሮው የሚያቀርበውን ነጠላ ጫማ አጥልቆ ሎፈሩን አውልቆ መስጠት ይህን ያስቀራል። ጭቃ የነካው ጫማ እርጥብ ሳለ አይፈተግ፤ በጥላ ደርቆ በብሩሽ ይራገፍ፥ ውስጡም ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ያድር። በምድጃ አጠገብ ወይም በፀሐይ ላይ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። ያንኑ ጫማ በየቀኑ ሳያሳርፉ መጫማትም አይገባም፤ አንድ ቀን አርፎ ላቡ ሲደርቅ ዕድሜው ይጨምራል። የተረከዙ ጎማ በአንድ ወገን ማለቅ ሲጀምር ወደ ሶሉ ሳይደርስ ለጫማ ጠጋኝ ይሰጥ፤ ያኔ የሚቀየረው አንዲት ቁራጭ ጎማ ብቻ ናት፥ ከዘገየ ግን ሶሉ በሙሉ ይነሣል፥ የሶሉም ስፌት በተፈታ ጊዜ የላይኛው ቆዳ አብሮ መሳቡ አይቀርም።